ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም

በፐርል የኮምፒውተር ቋንቋ ለተጻፈ ፕሮግራም «1,250» የሚል ጽሑፍ ስጡትና አንድ ጨምርበት በሉት። 1,251 አይልም። 2 ይላል። ስህተት አለ ብሎ አይቆምም፤ አልገባኝም ብሎ አይጠይቅም። ኮማዋ ጋ ሲደርስ ማንበቡን ያቆምና ከፊቷ ያለችውን 1 ብቻ ይዞ ሥራውን ይቀጥላል። ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ አስቀድሞ ካልታዘዘ ደግሞ ይህን ማድረጉን ለማንም አይናገርም።

ነገሩ የፕሮግራመሮች የውስጥ ጉዳይ ይመስላል። አይደለም። ደመወዝ፣ ግብር፣ የመድኃኒት ክምችት፣ የተማሪ ውጤት፣ የእህል ዋጋ፣ የሕሙማን ብዛት ከሰው እጅ ወደ ኮምፒውተር የሚገባው በመጀመሪያ ጽሑፍ ሆኖ ነው። በኪቦርድ የተመታ «1250» ለማሽኑ አራት ተከታታይ ምልክቶች እንጂ ገና ቁጥር አይደለም። ወደ ቁጥርነት የሚቀየርበት አንድ ቅጽበት አለ። በዚያች ቅጽበት «ይህ በእርግጥ ቁጥር ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድምር፣ አማካይና መቶኛ ሁሉ የቆመበት መሠረት አይታወቅም።

ያልገባውን ነገር በዝምታ ዜሮ አድርጎ የሚመዘግብ ሥርዓት «አልገባኝም፣ አስተካክላችሁ አምጡ» ከሚል ሥርዓት የከፋ አደጋ አለው። የመጀመሪያው ለጊዜው ሥራ ያቀላጥፋል፤ ዕዳው ግን የሚከፈለው ዘግይቶ ነው፤ የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ሳይሆን በውጤቱ የሚወሰንበት ሰው ነው።

ፐርል ጽሑፍን እንዴት ወደ ቁጥር ይቀይራል?

ደንቡ አጭር ነው። ፐርል ሒሳብ ሥራ ሲባል የተሰጠውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነባል፤ ቁጥር እስከሆነለት ድረስ ይወስዳል፤ የማይገባው ምልክት ሲያጋጥመው ያቆማል። ከመነሻው ምንም ቁጥር ካላገኘ ውጤቱ ዜሮ ነው። ስለዚህ «12 ኪሎ» 12 ይሆናል፤ «ኪሎ 12» ግን ዜሮ ነው። «ዐሥራ ሁለት»ም ዜሮ ነው። «3.5.2» የሚለው 3.5 ይሆናል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ ቁጥር «1284/2015» ለፐርል 1284 ነው፤ ከእዝባሩ ወዲያ ያለው ዓመት እንዳልነበረ ይቆጠራል። «አልታወቀም»፣ «አልደረሰም»፣ «ነገ ይላካል» የሚሉት ሁሉ ደግሞ ዜሮ ናቸው።

ይህ በስንፍና የመጣ አይደለም። ላሪ ዎል ፐርልን እ.ኤ.አ. በ1987 ሲያወጡት የቋንቋው ዋና ሥራ ከረጃጅም የጽሑፍ ፋይሎች መረጃ እየለቀሙ ሪፖርት ማውጣት ነበር። ለእንዲህ ያለ ሥራ ገርነት ጥቅም አለው። «12 ፋይሎች ተገልብጠዋል» ከሚል መስመር 12ቱን ብቻ መዝዞ መደመር የሚችል መሣሪያ ለባለሙያው ግማሽ ቀን ይቆጥብለታል። ልማዱም የፐርል ፈጠራ አይደለም፤ በሲ ቋንቋ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው የታወቀ ትእዛዝም ቁጥር ሲያጣ ዜሮ ነው የሚመልሰው። ብዙ ድረ ገጾች የተሠሩበት ፒኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2020 ስምንተኛው ስሪት እስኪወጣ ድረስ ማንኛውንም ተራ ቃል ከዜሮ ጋር ሲያነጻጽር «እኩል ናቸው» ይል ነበር። ማይኤስኪውኤል የመረጃ ቋትም ቃልን ከዜሮ ጋር ሲያነጻጽር ዛሬም እኩል ናቸው ይላል።

ስለዚህ «ፐርል ያረጀ ቋንቋ ነው፣ ማን ይጠቀምበታል?» የሚለው መልስ አያዋጣም። አንደኛ፣ ፐርል አሁንም ይሠራል፤ ብዙ ድረ ገጾች የሚተዳደሩበት ሲፓነል በአብዛኛው የተጻፈው በእሱ ነው። ሁለተኛ፣ ችግሩ የአንድ ቋንቋ ሳይሆን የአንድ አስተሳሰብ ነው፤ ፐርል በግልጽ ስለሚያሳየው ብቻ ጥሩ ምሳሌ ሆነ። ቋንቋው ራሱ እንኳ መንገዱን እያስተካከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 5.36 ስሪት ጀምሮ፣ ፕሮግራሙ ያንን ስሪት እንደሚጠቀም በመጀመሪያው መስመር ካስታወቀ፣ «ይህ ቁጥር አይደለም» የሚለው ማስጠንቀቂያ በራሱ ይበራል። ከዚያ በፊት ማስጠንቀቂያውን ማብራት ለጸሐፊው ጥንቃቄ የተተወ ነበር።

ዝምታው የት ላይ ይጎዳል?

አንድ ወረዳ 10 ጤና ጣቢያዎች አሉት እንበል። ስምንቱ በሳምንቱ 30፣ 30 የወባ ሕሙማን ማየታቸውን ላኩ። ሁለቱ በቁጥሩ ቦታ «ኔትወርክ የለም» ብለው ጻፉ። ድምሩ 240 ነው። ሪፖርት ላደረጉት ለስምንቱ ሲካፈል አማካዩ 30 ይሆናል። ያ ጽሑፍ በዝምታ ዜሮ ተደርጎ ለ10 ሲካፈል ግን 24 ይሆናል። ግራፉ ላይ ወባ በአምስት እጅ አንድ የቀነሰ ይመስላል። ማንም አልዋሸም፤ ማንም የተሳሳተ ቁጥር አልጻፈም። ሆኖም መድኃኒት የሚያከፋፍለው ሰው የሚያየው ሥዕል የተሳሳተ ነው። ይባስ ብሎ ኔትወርክ የሌላቸው ሁለቱ ጣቢያዎች ወረርሽኙ የበረታባቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

«ዜሮ ሕመምተኛ» ዜና ነው፤ «መረጃ አልመጣም» ደግሞ ሌላ ዜና ነው። አንዱ ዕረፍት ይሰጣል፤ ሌላው መኪና አስነስቶ ሰው ያስልካል። ሁለቱን አንድ ቦታ የሚያስቀምጥ ሥርዓት አስተዳዳሪውን ያሳውረዋል።

ኮምፒውተር በዝምታ ሲጥል የሚደርሰው ጉዳት በሀብታም አገርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ በእንግሊዝ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ወጥተው ቀሩ። ምክንያቱ አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 መስመር በላይ አለመያዙ ነበር። ትርፉ መስመር ተቆረጠ፤ ሥራው ቀጠለ። ከነዚያ ሰዎች ጋር ንክኪ የነበራቸውን የመፈለጉ ሥራ በቀናት ዘገየ። ይህ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የመቀየር ስህተት አይደለም፤ የጎዳው ነገር ግን ያው ነው፤ ማሽኑ ያልቻለውን ነገር አልቻልኩም አለማለቱ።

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል ለሰው ይሠራ ይሆናል። የኮምፒውተር ዝምታ ግን ይነቅዛል።

«ይመስላል» እና «ነው»

ታዲያ ማጣራት ከባድ ነው? ፐርል ለዚሁ የተዘጋጀ መሣሪያ አለው፤ «ሉክስ ላይክ ነምበር» ይባላል። ስሙ ራሱ ትሑት ነው፤ «ቁጥር ነው» አይልም፣ «ቁጥር ይመስላል» ነው የሚለው። «1,250»ን፣ «12 ኪሎ»ን፣ «አልታወቀም»ን አይቀበልም። እስከዚህ መልካም ነው።

አሁን አንድ ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ብዛት» የሚል ቦታ እንዳለ ይታሰብ። ይኸው መሣሪያ «-3»ን ይቀበላል። «2.5»ንም ይቀበላል። በሳይንሳዊ አጻጻፍ «1ኢ3» በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ 1000 ማለት ስለሆነ እሱንም ይቀበላል። «ወሰን የሌለው» ለማለት የሚጻፈውን «ኢንፊኒቲ» በላቲን ፊደል ቢያገኝ ያሳልፈዋል። ከሁሉም የሚያስገርመው ደግሞ «ናን» ነው። ትርጉሙ «ቁጥር አይደለም» የሆነው ይህ የኮምፒውተር ምሕፃረ ቃል «ቁጥር ይመስላል» ተብሎ ያልፋል። መሣሪያው አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። የተሳሳተው «ይመስላል»ን «ነው» ብሎ የተረጎመው ሰው ነው። ሲቀነስ ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ የለም።

ከፐርል ጋር አብሮ የሚመጣው የጥያቄና መልስ ሰነድ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ አለመስጠቱ ትምህርት ነው። የሚሰጠው የተለያዩ የማጣሪያ ንድፎችን ነው፤ አንዱ አሃዝ ብቻ ለሚፈልግ፣ አንዱ አሉታዊም ቢሆን ሙሉ ቁጥር ለሚፈልግ፣ አንዱ አስርዮሽ ለሚፈልግ፣ ሌላው ሳይንሳዊ አጻጻፍን ጭምር ለሚቀበል። በሌላ አነጋገር «ቁጥር ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሙሉ አይደለም። «ለምን የሚሆን ቁጥር?» የሚለው ካልተጨመረበት የሚመልሰው የለም። ይህን ደግሞ የሚያውቀው ፕሮግራመሩ ሳይሆን የሥራው ባለቤት ነው።

ንድፍ መጻፍም የራሱ ወጥመድ አለው። ብዙዎች የሚጽፉት የተለመደ ንድፍ «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሃዝ ብቻ» ለማለት ታስቦ የሚጻፍ ነው። በፐርል የመስመር መጨረሻን የሚያመለክተው የዶላር ምልክት ግን ከአሃዞቹ በኋላ አንድ የተደበቀ የአዲስ መስመር ምልክት ቢኖር ያሳልፋል። ለዓይን የማይታይ ነገር ከቁጥሩ ጋር ወደ ቋቱ ይገባል፤ በኋላ ሁለት አንድ ዓይነት የሚመስሉ መለያዎች «አይመሳሰሉም» ሲባል ምክንያቱን የሚያውቅ ይጠፋል።

የግዕዝ ቁጥር ቁጥር ነው?

ጥያቄው ወደ ቤት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በፐርል «አሃዝ» የሚለው ምልክት የዩኒኮድ ጽሑፍ ሲያነብ ከ0 እስከ 9 ያሉትን ብቻ አይደለም የሚቀበለው። በዓረብኛ ሰነዶች ላይ የሚታዩትን አሃዞች፣ የሕንዱን የዴቫናጋሪ አሃዞችና ሌሎችንም ይቀበላል። ሒሳብ ሲባል ግን እነዚህን አያውቃቸውም፤ ዜሮ ያደርጋቸዋል። ማለትም በባሕረ ሰላጤው አገር ከተሰጠ ሰነድ ላይ የተገለበጠ የዓረብኛ አሃዝ በማጣሪያው በኩል «ቁጥር ነህ» ተብሎ ያልፍና በሒሳቡ በኩል «ምንም ነህ» ይባላል። ጠባቂው ያስገባውን እንግዳ ቤተኛው አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው 5.14 ስሪት ማጣሪያውን በተለመዱት አሥር አሃዞች ብቻ የሚወስን ምልክት ተጨምሯል፤ መጠቀሙ ግን አሁንም የጸሐፊው ፈንታ ነው።

የግዕዝ ቁጥርስ? ፳፻፲፯ን ፐርል አሃዝ አይለውም፤ ሒሳብ ሲሠራበትም ዜሮ ነው። ይህን ንቀት አድርጎ መውሰድ ይቀናል፤ ስህተት ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ቁጥሮች በቁጥርነት መዝግቧቸዋል። ሆኖም ከተራዎቹ አሃዞች ጋር አንድ ምድብ ውስጥ አላስገባቸውም፤ ምክንያቱም የግዕዝ አቆጣጠር ዜሮ የለውም፣ የምልክቱ ዋጋም በተቀመጠበት ቤት አይወሰንም። ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺፣ ከዚያ ፻ እና ፼፣ በጠቅላላው 20 ምልክቶች ናቸው። ፳፻፲፯ ሃያ ጊዜ መቶ፣ ሲደመር አሥር፣ ሲደመር ሰባት ነው። እያንዳንዱን ምልክት በአሃዝ ተክቶ ማንበብ አይቻልም።

ፓይተን የተባለው ቋንቋ ይህን ውዥንብር ደህና አድርጎ ያሳያል። ፫ን «አሃዝ ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁት «አዎ» ይላል። ወደ ቁጥር ቀይረው ሲሉት ግን «አልችልም» ብሎ ያቆማል። ቢያንስ ያቆማል። ዜሮ ነው ብሎ አይቀጥልም። በዚህ ረገድ ፓይተን ከፐርል የተሻለ ጠባይ አለው።

መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። በግዕዝ ፊደል የኮምፒውተር ሥራ የሚታወቁት ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ቁጥር ወደ ተለመደው አሃዝ የሚቀይር የፐርል ሞጁል ሠርተው ሲፓን በሚባለው የፐርል የጋራ ማከማቻ ላይ አስቀምጠዋል። መሣሪያው አለ። የሚጎድለው «ይህ ቅጽ የግዕዝ ቁጥር ይቀበላል» ወይም «አይቀበልም» ብሎ አስቀድሞ የሚወስን ሰው ነው።

ሁሉም «ቁጥር» አይደመርም

አማርኛ «ቁጥር» የሚለውን ቃል ለብዙ ነገር ይጠቀምበታል፤ ስልክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የአዋጅ ቁጥር፣ የሰሌዳ ቁጥር። ከነዚህ አንዱም የሚደመር አይደለም። የሁለት ሰዎችን ስልክ ደምሮ የሚያካፍል የለም። ስም ናቸው፤ በአሃዝ የተጻፉ ስሞች።

ስምን እንደ መጠን የሚያነብ ማሽን ያበላሸዋል። በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ስልክ ወደ ቁጥር ሲቀየር የፊተኛዋ ዜሮ ትጠፋለች። ባለ 16 አሃዝ የባንክ ካርድ ቁጥር ኤክሴል ውስጥ እንደ ቁጥር ከገባ የመጨረሻዋ አሃዝ ወደ ዜሮ ትቀየራለች፤ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ በትክክል አይዝምና። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥርም ሊደመር የሚገባው ሳይሆን እንደተጻፈ ሊጠበቅ የሚገባው ስም ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ በብዙ የቀበሌ መታወቂያዎች ላይ በቤት ቁጥር ቦታ «አዲስ» የሚል ቃል አለ። ይህን አሃዝ ብቻ የሚቀበል ቅጽ ባለ መታወቂያውን ይመልሰዋል፤ በዝምታ የሚቀይር ቅጽ ደግሞ ሁሉንም ዜሮ ቁጥር ቤት ውስጥ ያስገባቸዋል።

የሳይንስ ዓለም ራሱ ከዚህ አላመለጠም። በኤክሴል «ሴፕት2» እና «ማርች1» የሚባሉ የሰው ዘረመሎች ስም በላቲን ሲጻፍ ፕሮግራሙ የመስከረምና የመጋቢት ቀን አድርጎ ይቀይረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት የዘረመል ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ሳይንሳዊ ጽሑፎች ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ያህል እንዲህ የተበላሸ ስም እንዳለበት አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሰው ዘረመሎችን የሚሰይመው ኮሚቴ የዘረመሎቹን ስም ቀየረ። ማይክሮሶፍት ይህን በራስ የመቀየር ልማድ ማጥፊያ አማራጭ የሰጠው በ2023 ነው። ሶፍትዌሩ ከሚቀየር የሰው ዘረመል ስም መቀየሩ ቀለለ።

ጥብቅነት ሰውን አያባርርም?

እዚህ ላይ ክብደት ያለው ተቃውሞ አለ። ጥብቅ ቅጽ ሰው ያጉላላል። ከገጠር መጥቶ ግማሽ ቀን ተሰልፎ «ሲስተሙ አልተቀበለም» የሚባል ገበሬ አለ። ጸሐፊዋም ሰልፉ ሲበዛባት ሲስተሙን ለማሳለፍ ብላ ያገኘችውን ቁጥር ትሞላለች። እንዲያ ከሆነ ጥብቅነቱ የፈጠረው ትክክለኛ መረጃ ሳይሆን ትክክል የሚመስል ውሸት ነው።

ተቃውሞው እውነት ነው፤ መልሱ ግን ወደ ዝምታ መመለስ አይደለም። መልሱ «አልገባኝም» የሚለውን ነገር በሰው ቋንቋ መናገርና መውጫ መንገድ መስጠት ነው። «ስህተት» ብቻ የሚል ቀይ ጽሑፍ አይረዳም፤ «ኮማውን አውጥተው 1250 ብለው ይጻፉ» የሚል ይረዳል። «አይታወቅም» የሚል ሳጥን ያለው ቅጽ ጸሐፊዋን ከመዋሸት ያድናታል። ጥብቅ መሆን ያለበት ማሽኑ ነው፤ ገር መሆን ያለበት አገልግሎቱ ነው። አሁን ብዙ ቦታ የሚታየው ተገላቢጦሹ ነው።

ምን ይደረግ?

ሶፍትዌር የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ድርጅቶች ኮድ ማንበብ ሳይጠበቅባቸው ሊጠይቁ የሚችሉት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ የቅጽ ቦታ በጽሑፍ ይወሰን፤ መጠን ነው ወይስ ስም? መጠን ከሆነ ከስንት እስከ ስንት? ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው ወይስ አስርዮሽም? በኪሎ ነው በኩንታል? ይህ የፕሮግራመሩ ግምት መሆን የለበትም፤ የውሉ አካል ይሁን።

ሁለተኛ፣ ዜሮ፣ ባዶና «አይታወቅም» በቋቱ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ይቀመጡ።

ሦስተኛ፣ ሰው የጻፈው ዋናው ጽሑፍ አይጥፋ። ማሽኑ የቀየረው ቁጥር ከጎኑ ይቀመጥ እንጂ በላዩ ላይ አይጻፍበት። ስህተት ሲገኝ መመለሻው እሱ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ በየሪፖርቱ ግርጌ ስንት መዝገብ እንዳልተነበበ ይጻፍ። «አማካይ 30፣ ከ10 ጣቢያ 8ቱ ሪፖርት አድርገዋል» የሚል መስመር «አማካይ 24» ከሚል ያማረ ግራፍ ይበልጣል።

አምስተኛ፣ ሶፍትዌሩን ከመረከብ በፊት ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። በቁጥር ቦታው ላይ «1,250»፣ «12 ኪሎ»፣ «-3»፣ «አልታወቀም»፣ «፲፪» እና ባዶ ቦታ አስገብቶ ምን እንደሚል ማየት ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከስድስቱ አንዱን እንኳ በዝምታ ወደ ሌላ ነገር ከቀየረ ርክክቡ ይቆይ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

አገልግሎቶች በፍጥነት ወደ ኮምፒውተር በሚገቡበት በዚህ ጊዜ ስንት ቢሮ «ዲጂታል» እንደሆነ መቁጠር ቀላል ነው። የሚበልጠው ጥያቄ ግን የገባው ቁጥር በወጣው ቁጥር ውስጥ አለ ወይ የሚለው ነው። ያልገባውን አልገባኝም የሚል ማሽን አያሳፍርም። የሚያሳፍረው በዜሮ ላይ የቆመ ውሳኔ በሰው ኑሮ ላይ ከተላለፈ በኋላ «ሲስተሙ ነው» ማለት ነው።